ለዴል ሃያ ጥይት

ዊሎው ቤንድ፣ ሞንታና
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2021

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዴል ሄግስታድ፣

ይህ ወረቀት በሰላም ካለህበት ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በረዶው የአጥሩን እንጨት ሸፍኖታል፤ ላሞቹ ግን ክረምቱን ችለውታል። ስልክ እንደማታነሳ ስለማውቅ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ከኖቬምበር ወዲህ እኔው አባትህ ቤት ገብቻለሁ። ሮሊን ብቻውን የሚተው ሰው አይደለም አሁን። ጠዋት ጠዋት ስሜን ያውቃል፤ ከሰዓት በኋላ ለእሱ እናታችን ነኝ። አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆሞ የተራራውን በረዶ ሲያይ ይውልና፣ እዚያ ማዶ ማን እንደሚኖር ይጠይቀኛል። ማንም እንደማይኖር እነግረዋለሁ። ጭሱን አያለሁ ይለኛል።

እጁ ግን አልረሳም። ቁርሱን በልቶ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል ይገባል፣ ጥይት ከሚሞላበት ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ለአያትህ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ሱቅ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ በቤት ካልተሞላ የለም። ባዶ ቀለሃውን አንድ በአንድ ይወለውላል፣ ይለካል፣ ሃያውን በእንጨቱ መደርደሪያ ላይ ያቆማቸዋል። ከዚያ መሳቢያውን ይከፍትና እጁ እዚያው ይቀራል። ካፕሱል የለም። ከቀለሃው ቂጥ የምትገባዋ፣ የምስር ክክ የምታክለዋ እሳት ጫሪ አልቃለች። «ልጁ በመከር ለአደን ሲወጣ ምን ሊተኩስ ነው?» ይላል። ልጁ አንተ ነህ። ለእሱ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፣ ግቢ ውስጥ ነህ።

ላመጣለት አስቤያለሁ። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚፈልገውንም የማይፈልገውንም ገዝቶ መደርደሪያው ባዶ ነው ይላሉ፤ ቢሆንም እፈልጋለሁ። ችግሩ ሙያውን አላውቅም። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ክሌይም ዓይኑን ካጣበት ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ጠረጴዛ ቀርቦ አያውቅም። የትኛውን ዓይነት እንደምገዛ በትክክል ጻፍልኝ። በትክክል ያልኩህን አደራ።

አክስትህ ቨርና ሎፍግሬን


ኮበክ ወንዝ ዳር፣ አላስካ
ማርች 20 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ቨርና፣

እንደምን ከረሙ። ደብዳቤዎ የዛሬ ሳምንት ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን የመብራት ሞተር እጠብቃለሁ፣ በበረዶ ላይ የሚነዱትን ሞተሮችም ሲበላሹ እጠግናለሁ።

የጠየቁኝን በአጭሩ እጽፋለሁ። ካፕሱል የሽጉጥ አለ፣ የጠመንጃ አለ። የጠመንጃው ደግሞ ትንሽና ትልቅ አለው። ለአያቴ ጠመንጃ የሚሆነው ትልቁ ነው። ትልቁም ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራውና ኃይለኛው። ሁለቱ በመልክ አይለዩም፣ በአንድ ቀዳዳ ይገባሉ። የሚለያቸው ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሕፈት ብቻ ነው። የሚገዙት ተራውን ነው። ኃይለኛው እሳቱ ይበረታል፤ ለተራው በተመዘነ ባሩድ ላይ ከገባ ጠመንጃው የማይችለው ግፊት ይመጣል። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዚያ በፊት ግን ባሩዱን ከቤት ያውጡ። አንድም ቆርቆሮ እንዳይቀር። ካፕሱሏ ራሷ ብትፈነዳ ጣትና ዓይን ትጎዳለችና፣ መነጽር ያድርጉለት፤ ብቻውንም አይተዉት።

ሰላም ሁኑ።

ዴል


ዊሎው ቤንድ
ኤፕሪል 17 ቀን 2021

ለዴል፣

ጤናህን ይስጥህ። መልእክትህን እንደ መድኃኒት ማዘዣ በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ። ባሩዱን ወደ እኔ ቤት ወስጄ ቆልፌበታለሁ።

ስድስት ሱቅ ገባሁ። ካፕሱል የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አንዱ ጋ የዓሣ መንጠቆ ደርድረውበታል፤ ሌላው ጋ ነጋዴው የልጅ ልጆቹን ፎቶ ሰቅሎበታል። «መቼ ይመጣል?» ስለው «ወይዘሮ፣ እሱን ቢያውቁ ለእኔም ይንገሩኝ» አለኝ። የሱፍ ቆቤን እያየ ጥይት የምሞላ ሴት ነኝ ብሎ ያመነ አይመስለኝም። አንድ ወጣት መኪናው ኋላ ላይ ሆኖ ከሳጥኑ አውጥቶ በፌስታል የያዘውን ካፕሱል ሊሸጥልኝ ፈለገ፤ ጽሕፈት የሌለውን ምን አደርገዋለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ኤሜት ስትራንድ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤታችንን ኤሜትን መቼም አትረሳውም፤ ጥይቱ ፊቱ ላይ የፈነዳበት ቀን ክሌይን ከተራራው ያወረደው እሱ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ለልጅ ልጅ የሚበቃ ካፕሱል አለው። ለማን እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ሮሊን ለዴል ሊሞላ ነው አልኩት። ኤሜት ኮፍያውን አስተካከለና፣ «ቨርና፣ ለአንቺ ቢሆን ቤቴን እሰጥሻለሁ። ዴል ለሚተኩሰው ግን አንዲት ፍሬ አልሰጥም» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

የተተኮሱትን አሮጌ ካፕሱሎች ለቅሜ ለሮሊን በጎድጓዳ ሳህን ሰጠሁት፤ ይታለልልኛል ብዬ ነው። አንዷን በሁለት ጣቱ ያዛት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት። «ይህቺ ሞታለች» አለኝ። ሁለተኛዋንም አነሳት። «ይህቺም ሞታለች።» እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ በለሆሳስ፣ የሰፈር ሰው ስም እንደሚጠራ። ወጥቼ መታጠቢያው ጋ ቆምኩ።

አክስትህ ቨርና


ኮበክ ወንዝ ዳር
ሜይ 30 ቀን 2021

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የዘገየሁት የወንዙ በረዶ ስለተሰበረ ነው። በረዶው ሊሄድ ሲል ሌሊትና ቀን የለውም፤ ከሩቅ እንደሚነዳ ከብት ያጉረመርማል። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዳር ይቀመጥና ያያል። ትልልቁ በረዶ ቤት ቤት እያከለ ያልፋል፤ አንዱ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ወንበር ተቀምጦበት ሲሄድ አይተናል። እስኪሰወር ድረስ ሁላችንም በዓይናችን ሸኘነው። አሁን ፀሐይ አትጠልቅም፤ አስተኝታ የምትቀሰቅስ ብርሃን ናት፣ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ አያውቅም።

ስለ ካፕሱሉ፦ የሠሪው ስም ቢለያይ ግድ የለም፤ በችግር ጊዜ የተገኘው ይያዛል። ዓይነቱን ብቻ አይለውጡ። አሮጌ ሳጥንም ደረቅ ቦታ ከኖረ ደህና ነው። ከሳጥኑ የወጣ ልቅ ካፕሱል በነጻ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ። መኪናው ላይ የቀረበልዎትን አለመግዛትዎ መልካም ነው።

ኤሜት የሚያስበውን አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ስለ እኔ ሲያነሳ እንዴት ያለ ፊት አለው?

ዴል


ዊሎው ቤንድ
ጁን 22 ቀን 2021

ለዴል፣

እንደምን አለህልኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። የሆነውን እንደሆነ ልጻፍልህ።

ግሬት ፎልስ ካለ ሱቅ ዕቃ ገባ ሲባል ማለዳ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሠላሳ ሰው፣ ለአንድ ሰው አንድ ሳጥን። ታጣፊ ወንበር ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች ስለ አጋዘን ያወራሉ፤ አንዱ ስኳር ያለበት ዳቦ አካፈለኝ። ተራዬ ሲደርስ የቀረው ኃይለኛው ብቻ ነበር። ወረቀትህ በእጄ ነው። አትግዢ እንዳልከኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ዴል፣ አራት ወር ፈልጌ ባዶ እጄን መግባት አቃተኝ። ባሩድ የለም፣ ምን ያመጣል አልኩ። ገዛሁ።

ከሰዓት ነበር፣ ብርሃኑ በጠረጴዛው ላይ ቢጫ ሆኖ ወርዷል። ሳጥኑን ሮሊን ፊት አስቀመጥኩ። መነጽሩን አወለቀ፣ አነበበ። ከዚያ በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄ ያኔ የገዛሁት ነው» አለ።

መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ተራው ከገበያ የጠፋ ጊዜ። ልጁ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እኔ ከማጨጃ ማሽኑ ሥር ተኝቼ እጠግን ነበር። ‹አባዬ፣ ይሄ ኃይለኛ ይላል፤ ባሩዱን ልቀንስ?› አለኝ። ያው ነው፣ ዝም ብለህ ሙላው አልኩት።» እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ። «ያንን ጥይት ለክሌይ አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ እናታችንን ነው ያየው። «እማዬ፣ ለቨርና እንዳትነግሪያት።»

እሺ አልኩት።

ፊቱ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ስለ አንተ ሲያነሳ መንገድ መንገድ የሚያይ ሰው ፊት ነው።

ቨርና


ዊሎው ቤንድ
ጁላይ 25 ቀን 2021

ዴል፣

ያለፈው ደብዳቤዬ ደረሰህ ወይ? የሰደድ እሳት ጭስ ሸለቆውን ሞልቶታል፣ ፀሐይዋ እንደ በሰለ ኮክ ቀልታ ትወጣለች። ሳጥኑን መለስኩት። ሮሊን መሳቢያውን መክፈት አልተወም። አንድ መስመር እንኳ ጻፍልኝ።

ቨርና


ኮበክ ወንዝ ዳር
ኦገስት 8 ቀን 2021

አክስቴ ቨርና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ኪሴ ውስጥ ይዤው ስድስት ሳምንት ሠራሁ።

አውቃለሁ። ድሮም አውቃለሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ክሌይን ይዘውት ሲገቡ ዞር ብለሽ፣ «ያንን ጥይት የሞላው ማን ነው?» አልሽ። አባዬ ወለሉን አየ። እኔ ነኝ አልኩሽ። ውሸት አልነበረም፤ የሞላሁት እኔ ነኝ። የቀረውን እሱ ይጨምርበታል ብዬ ጠበቅኩ። በመኪና ስንመለስ ጠበቅኩ። እስከ ገና ጠበቅኩ። እሱ ላሞቹን አበላ፣ ራቱን በላ፣ ተኛ።

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ከአንቺ በቀር በሩን የሚከፍትለት ሰው አልነበረውም። አንቺ ብትጠዪው ያ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መሄድ እችላለሁ፤ እሱ ሁለት መቶ ላም ይዞ የት ይሄዳል? እንዲህ አሰብኩ። ለአንድ ክረምት ነበር ያሰብኩት።

ደግሞ ደግ አድርገሽ አትይኝ። ተናድጄም ነው የሄድኩት። ወንበሬን ባዶ ባየ ቁጥር እንዲያመው ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም ይዤ ነው የመጣሁት፣ ሁለቱም እስከ ዛሬ አብረውኝ አሉ።

እዚህ በበጋው ብርሃን ሰው ብዙ ሕልም ያያል። እኔ የማየው አንድ ነው፦ ሳጥኑን ይዤ ማጨጃው ጋ ቆሜያለሁ፣ እግሩ ብቻ ይታየኛል፣ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ሳልሰማ እነቃለሁ።

ይህን ለማንም አትንገሪ፤ አሁን ምን ያደርግለታል።

ዴል


ዊሎው ቤንድ
ኦገስት 21 ቀን 2021

ልጄ ዴል፣

በመጀመሪያ ሰላም ላንተ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጣ ነውና ተቀመጥና አንብበው።

ማን ሰጣችሁ? አባትና ልጅ ሆናችሁ፣ እኔ የማውቀውንና የማላውቀውን ሃያ ሰባት ዓመት ስትወስኑልኝ ማን ሥልጣን ሰጣችሁ? ክሌይ ባንድ ዓይኑ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ። አንድም ቀን አንተን በክፉ አላነሳም፤ «ልጅ ነው» ነበር የሚለው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። በየቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። ኤሜት ያንን ቃል ከእኔ ነው የያዘው። ክሌይ ሲሞት ላንተ የጻፍኩትን ወረቀት ቀድጄ ጣልኩት። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ባልሠራኸው ነው። ይህ ለእኔ ስጦታ አልነበረም፣ ዴል።

ሮሊንን ሁለት ቀን ምግቡን እያቀረብኩ ሳላናግረው ዋልኩ። በሦስተኛው፣ «አስቀይሜሻለሁ?» አለኝ። ምን አድርገህ አልኩት። አሰበ፣ አሰበ። «አላውቅም፤ ፊትሽ ግን እንደዚያ ነው» አለ። ፂሙ ላይ የቀረውን ገንፎ ጠረግኩለት። ልጣላው ሞከርኩ፤ የሚጣሉት ሰው ግን የለም።

ለማንም አትንገሪ ያልከኝን አልፈጽምም። ትናንት ወደ ኤሜት በረት ሄጄ፣ ከብቶቹን ውሃ ሲያጠጣ፣ በአፌ የዘራሁትን በአፌ ለቀምኩ። ቧንቧውን መዝጋት ረስቶ ውሃው ገንዳውን ሞልቶ በጫማው ላይ ሲፈስ ቆመ።

ና። ሌላውን በወረቀት አልጽፈውም።

አክስትህ


ኮበክ ወንዝ ዳር
ሴፕቴምበር 6 ቀን 2021

አክስቴ፣

የተቆጣሽው ሁሉ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ላይ ሳቅኩ፣ ልጅ ሆኜ አጥር ላይ ስወጣ የምትቆጪኝ ድምፅ ነው።

ሴፕቴምበር 25 ግሬት ፎልስ እደርሳለሁ። ሞተሩን የሚጠብቅልኝ ሰው አግኝቻለሁ። እዚህ የአንድ ጓደኛዬ ጎተራ ውስጥ ተራው ካፕሱል ተገኝቶ ነበር፤ ግን በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ባዶ እጄን ነው የምመጣው። ባያውቀኝ እንዳታስገድጂው።

ዴል


ዊሎው ቤንድ
ኦክቶበር 19 ቀን 2021

ልጄ ዴል፣

በሰላም እንደገባህ ወረቀትህ ነገረኝ፤ ተመስገን። አንተ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ቀልጧል። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። ኤሜት የተራውን ካፕሱል ሳጥን ይዞ የመጣ ዕለት አንተ በረት ነበርክ። በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ልጁ አለ?» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቱ እኮ ነው አልኩት። «ያንን ሁሉ ዓመት በሬዲዮ ‹አላስካ› ሲሉ አጠፋው ነበር» አለ። ሳጥኑን ሰጥቶኝ ሊሄድ ሲል ነው አንተ በቤቱ ማዕዘን ብቅ ያልከው። የተጨባበጣችሁትን አይቻለሁ። ምን እንደተባባላችሁ አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህምም።

ስትሠሩም ሳታዩኝ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሮሊን ሳጥኑን መነጽሩ ድረስ አስጠግቶ ፊደል በፊደል አነበበ፣ አስነበበህም። «ተራው ነው?» ይላል። «ተራው ነው» ትለዋለህ። አንዷን አስገብቶ በአውራ ጣቱ ቂጧን ይዳስሳል፤ ከቀለሃው እኩል መሆኗን ሲያረጋግጥ ያቀብልሃል። ባሩዱን እሱ ዘንድ ሳታደርስ በሌላው ጠረጴዛ ስትመዝን፣ «ከስንት ጀመርክ?» አለህ። ከዝቅተኛው ልክ አልከው። «ጥሩ። አትቸኩል። ካልገባህ ጠይቀኝ» አለህ። ያኔ ነው ሚዛኑን አስቀምጠህ የወጣኸው። እሱ እስክትመለስ እጁን አጣጥፎ ጠበቀህ።

አውሮፕላንህ የተነሳ ዕለት ከሰዓት መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ተራራው ላይ ደመናው ዝቅ ብሎ፣ እንዳለውም ጭስ ይመስላል።

«ያ ሰውዬ ሄደ?» አለኝ።

ሄደ አልኩት።

«ማን ነው?»

«ዴል ነው። ልጅህ።»

ቀስ ብሎ ሳቀ፣ እኔን ላለማሳፈር። «ዴል ልጅ ነው እኮ። ሰውዬው ግን ጥሩ ሰው ነው። እጁ አይቸኩልም። ክሌይ ቢያየው ይወደው ነበር።» ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ የተኛ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ላለብሰው ስጠጋ ክንዴን ያዘኝ።

«ይመለሳል?»

ለገና ይመለሳል አልኩት። ከአንተ ሳልጠይቅ ነው ያልኩት፣ ዴል። ዋሽቼው ይሆን?

መልስህን የምትጠብቅ አክስትህ፣
ቨርና